የዘአማኑኤል ሌላኛው ዓይን

ካርዱ የመጣው ማክሰኞ ዕለት ነው፤ ከሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ጋር ተደርቦ በር ሥር ወድቆ ነበር። የትነበርሽ ከሥራ ስትገባ አነሳችው። በአንድ ፊቱ በሆላንዶች ቋንቋ በደች የተጻፈ ነገር አለ፤ የሥዕል ትርኢት፣ ቅዳሜ፣ ሮተርዳም ዙይድ፤ ከሥሩ የሠዓሊዋ የአምስተርዳም አድራሻ። በጀርባው ግን በእጅ የተጻፈ አማርኛ ነው። ተጻፈ ከሚባል ተሣለ ቢባል ይሻላል፤ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ቆሞ ይንገዳገዳል። «አክስቴ እባክሽ ነይ። ሳያት ዘአማኑኤል።»

«ነይ!» አለች የትነበርሽ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ። «እኩያዋ መሰልኳት እንዴ? ወይ የዘንድሮ ልጅ!»

ስልሳ ሦስት ዓመት ሆኗታል። በምትሠራበት የአረጋውያን ቤት ሐበሻ የሆነ ሁሉ «እትዬ» እያለ በእርስዎ ነው የሚያናግራት። ግን ኮቷን አውልቃ ቁጭ ስትል ሌላ ነገር መጣባት። አክስት'ኮ አንቺ ነው የምትባለው! እርስዎ የሚባል ባዳ ነው። ልጅቱ አውቃም ይሁን ሳታውቅ ልኩን ጽፋለች፤ ይኼ ደግሞ የትነበርሽን ከመጀመሪያው ይበልጥ አናደዳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘአማኑኤል የየትነበርሽ ታናሽ ወንድም ነበር። እናታቸው ደብረ ታቦር ላይ ስትሞት እሱ አራት ዓመቱ፣ እሷ አሥራ አምስት። አዝላ፣ አጉርሳ፣ ፊደል አስቆጥራ አሳደገችው። ሲያድግ እሱ ቀድሞ ተሰደደ፤ ሆላንድ ገብቶ ሰው ሲሆን እሷን አስመጣት። አምስተርዳም ላይ ማርግሪት የምትባል የሆላንድ ልጅ አገባ፤ ሴት ልጅ ወለዱ፤ ሳያት አላት። ልጅቱ ሁለት ዓመት ሳይሞላት በአንድ ሰኞ ጠዋት ልቡ ቀጥ አለ። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር።

ማክሰኞ የትነበርሽ አምስተርዳም ሄዳ ፎቶ ጠየቀች። ያለ ፎቶ ምን ለቅሶ አለ? ሰው ምን ይዞ ሙሾ ያወርዳል? ማርግሪት ዓይኗ አብጦ፣ ልጅቱን እንዳቀፈች፣ አልበሙን በሙሉ አውጥታ ሰጠቻት። «የምትፈልጊውን ምረጪና መልሺልኝ፤ ሌላ የለኝም» አለቻት።

አርብ የትነበርሽ ጥቁሯን ለብሳ፣ ቄስ ይዛ፣ ግማሹን የዴንሃግ ሐበሻ አስከትላ ለቀብር ሄደች። ቀብር የለም። ጉድጓድ የለም። አንድ ጽድት ያለ አዳራሽ፣ ለስለስ ያለ ሙዚቃ፣ ቡናና ለሰው አንዳንድ ቁራጭ ኬክ፤ ሳጥኑ ከመጋረጃ ጀርባ ወደ እሳት። ኧረ በስመ አብ! የክርስቲያን ልጅ፣ አዝላ ያሳደገችው ልጅ! ለማርግሪት የአገሯ ወግ ነው፤ አባቷንም እንደዚያው ነው የሸኘችው፤ ክፋት አልነበረውም። ለየትነበርሽ ግን ወንድሟ ሁለቴ ሞተ። «ዳግመኛ ዓይንሽን አያሳየኝ» ብላ ወጣች። ቄሱም ራሳቸውን እየነቀነቁ ተከተሏት።

አልበሙን አልመለሰችም። ማርግሪት ደወለች፤ አላነሳችም። ጻፈች፤ አልከፈተችም። ቤት ቀየረች፤ ልጅቱ አዲሱን አድራሻ ከየት እንዳገኘች እንጃ። ይኸው ሃያ አራት ዓመት። ሄዳ የምታለቅስበት መቃብር የላት፣ የወለደችው ልጅ የላት። ከዘአማኑኤል የቀረ ሥጋ በዚህ ምድር ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷንም አልፈልግም ብላ ኖረች። መፈለግስ ትፈልጋት ነበር። ትራም ላይ ጸጉሯ የተጠቀለለ ቀይ ዳማ ልጅ ባየች ቁጥር ዕድሜዋን ትገምት ነበር፤ አሁን ስድስት ዓመቷ፣ አሁን አሥራ ሦስት፣ አሁን ሃያ።

«አልሄድም» አለች ረቡዕ። ሐሙስ ለሐምራዊት «በቁሜስ አልሄድም» አለቻት። ሐምራዊት አብራት የምትሠራ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ናት፤ ሰው ማሳመን አታውቅበትም፣ አትሞክርምም። «እሺ እትዬ፤ ቅዳሜ ስንት ሰዓት ልምጣልዎት?» አለቻት።

ቅዳሜ የትነበርሽ ነጠላዋን ሁለቴ ለብሳ ሁለቴ አወለቀች። በሦስተኛው ለብሳ ወጣች። ከሰፈሯ ከላክ ወደ ሆላንድስ ስፖር ጣቢያ በእግር፣ ከዚያ በባቡር፣ ከዚያ ወንዙን በሜትሮ። ከመሬት በታች ሲሄዱ ቆይተው ሜትሮው ብርሃን ውስጥ ብቅ ሲል ከሩቅ የወደቡ ክሬኖች ታዩ። ዘአማኑኤል መጀመሪያ ሰሞን እዚሁ አምጥቶ መርከብ አሳይቷት ነበር። «እታለም፣ ይኼ ሁሉ ውሃ እኛ አገር ቢሆን!» ብሏት ነበር። ናፈቃት። ናፍቆት ሲቆይ ይደበዝዛል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ማንንም ናፍቀው አያውቁም።

አዳራሹ ድሮ ዕቃ ቤት የነበረ ረጅም ክፍል ነው። ሰዉ ብርጭቆ ይዞ ይንሸራሸራል። የትነበርሽ ከግድግዳ ግድግዳ አየች። ልጅቱ የፈረንጅ ጠረጴዛ ትሥላለች፤ ነጭ ጨርቅ፣ ሎሚ፣ የሸክላ ማሰሮ፣ ከመስኮት የሚገባ የክረምት ብርሃን፤ ጠረጴዛው ዙሪያ ግን የተቀመጡት ዓይናቸው የፈጠጠ፣ ክንፋቸው የተዘረጋ የቤተ ክርስቲያን መላእክት ናቸው። ራሷንም ሥላለች። አንዱ ላይ ነጠላ ለብሳለች፣ አንዱ ላይ ጂንስ፤ በሁለቱም ላይ ሰው ቤት ገብታ ተቀመጪ እስኪሏት የቆመች እንግዳ ትመስላለች። «አይ ልጄ» አለች የትነበርሽ ሳታስበው። ወዲያው ሐምራዊት ሰምታ እንደሆነ ዞር ብላ አየች።

ከዚያ ትልቁ ሥዕል ጋ ደረሰች።

ዘአማኑኤል ነው። አፍንጫው፣ የአገጩ ቁልቁለት፣ ጆሮው ሥር ያለችው ጠባሳ፤ እሱ ራሱ ነው። ዙሪያውን ቀይና ቢጫ ለብሰው ቅዱሳን ከበውታል፤ ሁሉም በሙሉ ፊታቸው፣ በሁለት ዓይናቸው ያዩዋታል። እሱ ብቻ ፊቱን ወደ ጎን አዙሯል። አንድ ዓይን ብቻ።

የትነበርሽ በልጅነቷ ደብር ውስጥ አያቷ ጣታቸውን እየቀሰሩ ያስተማሯት ነገር አለ። ጻድቅ ሙሉ ፊቱን ይሰጥሻል፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው፣ ሰቃዮቹ ናቸው። ይኼን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም፣ ግድግዳ ማየት ነው። እና አሁን ወንድሟ በቅዱሳን መሃል በአንድ ዓይኑ ቆሟል።

«ምነው! ምነው ልጄን!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ በደች ደገመችው። «ማነው ይኼን የሣለው? ይሁዳ አደረጋችሁት! መቃጠሉ አንሶት ነው?» አንድ ነጭ ጢም ያላቸው ሰውዬ ቀረብ ብለው በትሕትና እርስዎ ማን ነዎት አሏት። «እህቱ ነኝ!» አለች። የልጅቱ አክስት ነኝ ለማለት ግን አፏ አልታዘዘላትም።

ሳያት ሰዉን እየገፋች መጣች። ቀጭን፣ ረጅም፣ እጇ ላይ ያልለቀቀ ሰማያዊ ቀለም። የትነበርሽን አይታ ቆመች። አላቀፈቻትም፣ አልጨበጠቻትም፤ ትችል እንደሆነም የምታውቅ አትመስልም። ንግግራቸው ሁሉ በደች ነበር፤ ልጅቱ አማርኛ የምታውቀው ካርዱ ላይ የጻፈችውን ያህል ነው።

«መጣሽ» አለች።

«ለምን አንድ ዓይን?» አለቻት የትነበርሽ። «እኛ ዘንድ በአንድ ዓይን የሚሣል ማን እንደሆነ አታውቂም?»

«አውቃለሁ። መጽሐፍ ላይ አንብቤያለሁ።»

«አውቀሽ ነው?!»

«ሌላኛውን ዓይኑን አላውቀውም» አለች ሳያት። ድምፅዋ አልከፋም፣ አልተቆጣም፤ የቤት ቁጥር እንደሚናገር ሰው ነው ያለችው። «ያለኝ አንድ ፎቶ ነው፤ መጽሐፍ ውስጥ ተረስቶ የተገኘ፣ ከጎን የተነሳ። ከራሴ ፈጥሬ ልሥለው ሞከርኩ። ግን ሌላ ሰው ይሆንብኛል። ያላየሁትን አባት ፈጥሬ ሰው ፊት ማቆም ከበደኝ። አልበም ነበረን፤ እናቴ ቤት ስንቀይር ጠፋ ነው ያለችኝ።»

«እናትሽ እንደዚያ አለችሽ?»

«ከመሞቷ በፊትም ጠይቄያት ነበር። ጠፋ ነው ያለችኝ። ሁለት ዓመት ሆናት።» ከዚያ ልጅቱ አንድ እርምጃ ቀረብ አለች። «ታንተ፣ አንቺ ጋ የለም? አንድ ብቻ? ከፊት የተነሳው?» ታንተ ማለት በደች አክስቴ ማለት ነው፤ አንዴ ከአፏ ወጣ፤ የትነበርሽ ጆሮ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

«እስቲ… ፈልጌ አያለሁ» አለች። ሐምራዊትን በክንዷ ይዛ ወጣች።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው። ልጁን አንድ ዓይን ያደረገችው ማን ሆና ነው ሰው ፊት የምትጮኸው? ማርግሪትስ? አልበሙን የወሰደችው አክስትሽ ናት ማለት ምን ያህል ይቀላል! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እስከ ሞት አልጋዋ፣ ስሟን በክፉ አላነሳችም። ጠፋ አለች፣ በቃ። የትነበርሽ በባቡሩ መስኮት እያየች ጥርሷን ነከሰች። ክፉ ብትሆን ኖሮ እንዴት ይቀለኝ ነበር አለች በሆዷ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አልበሙን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረደችው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ደህና ናቸው። ዘአማኑኤል በተማሪ ልብስ፣ ዘአማኑኤል ካርቱም፣ ዘአማኑኤል በመጀመሪያው የሆላንድ ክረምት በረዶ ላይ ቆሞ ሲስቅ። ፊት ለፊት፣ ሙሉ፣ ሁለት ዓይን። አሥራ አንድ ፎቶ። ከዚያ ወዲያ ያሉትን ግን እንኳን ሰው እሷም ማየት አትችልም። በዚያ በእሳቱ ሳምንት መቀስ አንስታ ማርግሪትን ከፎቶዎቹ ሁሉ ቆርጣ አውጥታለች። አንዱንም አልማረችም። ሠርጉ፣ የባሕር ዳርቻው፣ ልደቱ፤ በሁሉም ላይ ዘአማኑኤል ባዶ ነገር አቅፎ ይስቃል።

አሥራ አንዱን ብቻ ፖስታ ውስጥ አደረገች። «ዓይን አይደል የፈለገችው? ይኸው ዓይን» አለች። ፖስታውን አሸገች። ይዛው ወጥ ቤት ሄደች፣ ተመለሰች፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ደግማ አነሳችው። ሟች ሴት ይኼን ሁሉ ዘመን ሸፍናኛለች፤ እኔ ደግሞ ዛሬም ልደበቅ? ፖስታውን ቀደደችው። ፎቶዎቹን ቦታቸው መልሳ አልበሙን እንዳለ በፌስታል ጠቀለለች።

ሰኞ ዕረፍቷ ነው። አምስተርዳም ሄደች፤ ከዋናው ጣቢያ ጀርባ በጀልባ ኖርድ ወደሚባለው ሰፈር ተሻገረች። በዚህ አገር ያለ አፍስፕራክ፣ ቀጠሮ ሳይያዝ፣ እናት እንኳ ልጇ ቤት አትሄድም፤ የትነበርሽ ግን ካርዱ ላይ የነበረውን አድራሻ እያሳየች፣ እየጠየቀች፣ ሠዓሊዎች የሚሠሩበት ሕንፃ በር ላይ ደረሰች። ደወሉን ስትጫን አንድ ወጣት ሳያትን ማን ይፈልጋታል አላት።

«አክስቷ ነኝ» አለች።

ሳያት ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወርዳ አስገባቻት። አንድ ወንበር ሰጠቻት፣ ቀለሙን ከጠረጴዛው ላይ ጠረገች። የትነበርሽ አልበሙን ስታወጣ ልጅቱ እጇን ሱሪዋ ላይ ደጋግማ ጠረገች፤ ለመንካት ፈራች። ከዚያ ከፈተችው።

በረዶው ላይ የቆመውን ፎቶ ይዛ ብዙ ቆየች። አላለቀሰችም። መዳፏን በፊቱ ግማሽ ላይ፣ በምታውቀው ጎን ላይ፣ ጋርዳ ሌላውን ጎን ብቻ አየች። ከዚያ መዳፏን አነሳች። ደግማ ጋረደች። የትነበርሽ ወለሉን እያየች ገጹ እስኪገለጥ ጠበቀች። ያለችው ይኼን ብቻ ነው፦ «ከዚህ ቀጥሎ ያለው ጥሩ አይደለም።»

ገጹ ተገለጠ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች ሳያት። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። «ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ» አለች የትነበርሽ። «አልበሙም አልጠፋም። እኔ ነኝ የወሰድኩት። እናትሽ አምናኝ ሰጠችኝ፤ መልሺልኝ አለችኝ፤ አልመለስኩም። በእሳቱ ተናድጄ ነበር። እሷን ከሱ የለየሁ መስሎኝ ነበር።» ደቹ እዚያ ላይ አለቀባት፤ የቀረውን በአማርኛ አለችው፤ «ይቅር በይኝ የኔ ልጅ፤ አፈር ልሁንልሽ።» ልጅቱ ቃሉን ታውቀው አታውቀው እንጃ።

ሳያት ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። የትነበርሽ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ውጪ እስክትባል ጠበቀች። ብትባልም ይገባታል፤ ምን ትላለች? ውጭ ጀልባው ሰው አራግፎ ሰው ጭኖ ተመለሰ። ልጅቱ ግን ስትዞር ፊቷ ቀልቶ፣ እጇ ውስጥ አንድ ፎቶ ይዛ ነበር። ከአልበሙ የባሕር ዳርቻው ፎቶ ነው፤ ዴንሃግ አጠገብ፣ ስኼቨኒንገን የተነሳው። ዘአማኑኤል አሸዋው ላይ ቆሞ ግራ እጁን ዘርግቷል፤ እጁ መቀሱ ያለፈበት ጠርዝ ጋ ያበቃል። መዳፉ ውስጥ አንዲት የሕፃን እግር አለች፤ ነጭ የሱፍ ካልሲ ያጠለቀች፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሌላት።

«ይቺ የማን ናት?» አለች ሳያት፣ እያወቀችው።

የትነበርሽ ይኼን ጥያቄ ስትፈራ ነው ሃያ አራት ዓመት የኖረችው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ማርግሪትን ስትቆርጥ፣ ማርግሪት የታቀፈቻትን ሕፃንም አብራ ቆርጣለች። በእሷ መቀስ፣ በእሷ እጅ። ከሁሉ በኋላ ይቺን እግር አይታ ነው መቀሱን የጣለችው፤ አልበሙን ዘግታ እስከ ትናንት ያልከፈተችውም ለዚሁ ነው።

«ያንቺ ናት» አለች። «አባትሽ እግርሽን ይዞሽ ነው። ልቀቃት ስንለው አይለቅም ነበር።»

«ሌላው ቁራጭ የታለ?»

«ጣልኩት። የለም።»

ሳያት ራሷን ነቀነቀች። እሺም አላለች፣ ምንም አይደለምም አላለች። ትልቅ ነጭ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የተቆረጠውን ፎቶ ግራው ላይ ለጠፈችው፤ በስተቀኝ ያለው ሰፊው ቦታ ባዶ ሆነ። እርሳስ አነሳች። ጫፉን የሕፃኗ እግር የተቆረጠችበት ጠርዝ ላይ አድርጋ ቀና አለች።

«ፎቶውን ያነሳው ማነው?»

«እኔ።»

«እንግዲያውስ አይተሻል። እናቴ ምን ለብሳ ነበር?»

የትነበርሽ የዚያችን ሴት ስም በአፏ ከጠራች ሃያ አራት ዓመት ሆኗታል። ዓይኗን ጨፈነች፤ ነፋሱ መጣ፣ አሸዋው ጫማዋ ውስጥ የገባው መጣ።

«ቢጫ ሹራብ» አለች ቀስ ብላ። «የሱ ሹራብ ነው። ሰፍቷት ነበር፤ እጅጌውን ጠቅልላው ነበር።»

እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ሄደ። «እስከዚህ?»

«ከዚያ ከፍ። እስከ ክንዷ። አዎ።»

«ጸጉሯስ?»

«ነፋሱ ፊቷ ላይ አምጥቶታል። አንቺን በሁለት እጇ ስለያዘች የምትሰበስብበት እጅ የላትም። እፍ፣ እፍ ትለዋለች። አይሄድላትም።» የትነበርሽ ሳታስበው ከወንበሩ ተነስታ ልጅቱ ትከሻ ጋ ቆማ ነበር። «ቆይ፣ እዚህ ጋ ያንቺ ራስ ነው። ተኝተሻል። አፍሽ ተከፍቷል፤ እዚህ፣ ከአንገቷ ሥር።»

ሳያት ሣለች፣ በጣቷ አደበዘዘች፣ ደግማ ሣለች። እጇ ላይ ያለው እርሳስ የእናቷ ፊት ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ወዴት ነበር የምታየው? ወደ እሱ? ወደ እኔ?»

«አይ» አለች የትነበርሽ። «ወደ ካሜራው ነው። ወደ እኔ።» ገና ያልተሣለውን ፊት በጣቷ አሳየቻት። «በደንብ ያዢው፣ እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥ ትለኛለች። አማርኛ ለመናገር እየሞከረች፣ አልሆንላት እያለ። ማርግሪት እየሳቀችልኝ ነበር።»

ስሟ ከአፏ ሲወጣ ሁለቱም ሰሙት። ሳያት ጎንበስ ብላ የእናቷን አፍ መሣል ጀመረች። የትነበርሽ የልጅቱን ትከሻ ይዛ ማልቀስ ጀመረች። ዘአማኑኤልን በየዓመቱ አልቅሳለታለች፤ ለማርግሪት ስታለቅስ ግን የመጀመሪያዋ ነው።